ከወንዙ ማዶ ነፃ ክፍል

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29። ከቀኑ 9፡30

ክፍል ገባሁ። ዛሬ 6ኛ ፎቅ። ሳሙናዎቹ ወደ ቦርሳ፣ ሻምፖዎቹም። የውሃ ጠርሙሶቹ ለነገ። የፅዳቷን ሴትዮ ተጨማሪ ፎጣ ጠየቅኳት፣ ሦስት ሰጠችኝ። አንዱን መስገጃ አደረግኩት።

አንቺ ደብተር ባለፈው ማክሰኞ፣ ሆቴሉ በየማክሰኞው ለደንበኞቹ ስጦታ በሚያድልበት ቀን ነው የተሰጠሽኝ፣ ከነእስክሪብቶሽ። ከዚህ በፊት ማስታወሻ የሚባል ነገር ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን እውነቱን የምነግረው አንድ ሰው እንኳ ስለጠፋ አንቺን ማናገር ጀመርኩ። ሳቂብኝ እንግዲህ።

ሁኔታው ባጭሩ። ከዳላስ አንድ ሰዓት ከሩብ ወደ ሰሜን ነድቼ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ያለ ካዚኖ ነኝ። ቴክሳስ ስለማይፈቅድ ሁሉም ወደዚህ ነው የሚነዳው። እኔ «ማዶ» እለዋለሁ። ጓደኛዬ ሰይድ ሲደውል ማዶ ነኝ እለዋለሁ፣ እሱ ዕቃ ላደርስ የሄድኩ ይመስለዋል። አላረምኩትም።

ክፍሉ ነፃ። ምግቡ ነፃ። ከእሑድ እስከ ሐሙስ። ብላክጃክ፣ ወደ ሃያ አንድ የቀረበ የሚያሸንፍበት የካርታ ጨዋታ ነው፣ እሱ ጠረጴዛ ላይ የአባልነት ካርድህን ስታስቀምጥ ስንት እንዳስያዝክና ስንት ሰዓት እንደተቀመጥክ ይጽፋሉ። ይህ ሰው ይህን ያህል ይከስራል ብለው ይገምቱና ከግምቱ ላይ ጥቂቱን በአልጋና በሾርባ ይመልሱልሃል። ኮምፕ ይባላል። እኔ እንደገመቱት አልከስርም፣ ምክንያቱን ነገ እነግርሻለሁ። በግምታቸውና በእውነቱ መካከል ያለች ቀዳዳ ናት ቤቴ። የካሮልተኑን አፓርትመንት ኦገስት መጨረሻ ለቀቅኩ። የምሠራበት ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘኑ፣ ከቀነሰን አራት ወር አልፎታል።

የመኪናዬ ኋላ በስጦታ ተሞልቷል፦ የሩዝ ማብሰያ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት ከነክዳኑ፣ ዳቦ መጥበሻ፣ ሁለት ትራስ። የቤት ዕቃ አንድም አልጎደለኝም። የጎደለው ቤቱ ነው።

ሩቂያ ትናንት ደወለች። ባለቤቴ፣ ኮምቦልቻ። ቪዛው ተመትቷል፣ ሪያድ ያለው ወንድሟ ቲኬት ቆርጦላቸዋል። ጥቅምት 28 እንገባለን አለች፣ እሷና ልጃችን ሒክማ። ሒክማ አራት ዓመቷ ነው። ያቀፍኳት ከሠርጋችን በኋላ አንዴ አገር ቤት ስሄድ፣ የሦስት ወር ሳለች ነው። ስልኩን ዘግቼ አሰላሁት። ጥቅምት 28 ማለት ኖቬምበር 7፣ ዓርብ። ሠላሳ ዘጠኝ ቀን አለኝ።

በእጄ 3,100 ዶላር። መሥሪያዬም እሱ፣ የቤት ኪራዬም እሱ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 30። ከቀኑ 7፡00

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ተቀምጬ ነበር። + 340። አልሐምዱሊላህ ልል ብዬ ተውኩት።

ያልኩሽ ምክንያት። ካርታዎቹን እቆጥራለሁ። ትንንሾቹ ሲወጡ አንድ እደምራለሁ። አሥሮቹና ከዚያ በላይ ያሉት ሲወጡ አንድ እቀንሳለሁ። ድምሩ ከፍ ካለ ካርታው በሚወጣበት ሣጥን ውስጥ የቀሩት ለእኔ የሚበጁት ትልልቆቹ ናቸው፣ ያኔ ብዙ አስይዛለሁ። ዝቅ ካለ አሥር ዶላር፣ ወይም ወደ ሽንት ቤት። ሌላ ተንኮል የለውም። ሕገወጥም አይደለም። ካወቁብህ ግን ውጣ ይሉሃል።

መቁጠሩን ያስተማረኝ ዌርሃውስ አብሮኝ የሚሠራ ሜክሲኳዊ ነበር። በጭንቅላትህ ያዘው አለኝ። አልሆነልኝም። አንዷ አስተናጋጅ ሻይ ልትሰጠኝ ስትመጣ ድምሩ ብን ይላል። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አገኘሁ። ከሶላት በኋላ ዚክር የምንቆጥርባቸው የጣት አንጓዎች አሉ አይደል፤ ከመሃል ጣቴ መሃል አንጓ እጀምራለሁ፤ ሲደመር አውራ ጣቴ ወደ ጠቋሚው ይሄዳል፣ ሲቀነስ ወደ ትንሿ። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሠለጠነ ጣት ነው፣ አይሳሳትም። በግራ እጄ ነው የማደርገው። ቀኙን ለሶላት ትቼዋለሁ። ይህችን እንኳ ለራሴ።

ኮምፑም ሥራ ነው። ሱፐርቫይዘሩ ሊመዘግብ ሲጠጋ ሃምሳ አስይዛለሁ፣ ዞር ሲል አሥር። ቺፕሴን፣ በገንዘብ ፋንታ የምናስይዛቸውን ክብ ፕላስቲኮች፣ ጠረጴዛው ላይ ትቼ ሃያ ደቂቃ እጠፋለሁ፣ ሰዓቱ ግን ይቆጥርልኛል። ካሸነፍኩት ጥቂቱን ኪሴ ሸጉጬ የከሰርኩ መስዬ እነሳለሁ፣ ፊቴ ለዚያ አያስቸግርም። ምሳ፦ ዓሣ፣ ድንች፣ እንቁላል። ሌላውን አልነካም። ሐራም እንዳልበላ እጠነቀቃለሁ፣ እዚያው ቁጭ ብዬ።

የዛሬው ስጦታ ሁለተኛ ብርድ ልብስ። የልጅ ይመስላል፣ ጥንቸል አለበት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3። ከቀኑ 10፡00

ዓርብና ቅዳሜ ነፃ ክፍል የለም። አዲሰን ከተማ ከምግብ ቤት ወደ አፓርትመንት ምግብ አመላልሳለሁ። መኝታ መኪና ውስጥ፣ ሻወር ጂም።

ሪቻርድሰን መስጊድ ጁምዓ ሰገድኩ። ከሰላምታው በኋላ በቀኝ እጄ ሱብሐነላህ ጀመርኩ። አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ተነሳ፣ ረጅም ሰው፣ ባለ ነጭ ጀለቢያ። አውራ ጣቴ አንድ አንጓ ወደ ኋላ ተመለሰ። ትልቅ ካርታ አየ እንግዲህ። ከዚያ አንድ ልጅ በፊታችን ሮጠ፤ ጣቴ ወደ ፊት ሄደ።  ከዜሮ ጀመርኩ፣ ደገመኝ። ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ቀኙም ሄደ ማለት ነው።

ሰይድ በር ላይ ያዘኝ። ከስተሃል አለኝ። እሱ ኤርፖርት ሻትል፣ መንገደኛ የሚያመላልስ መኪና፣ ይነዳል፣ ሰው እየፈለጉ ነው፣ አፕላይ አድርግ፣ ያ ጭነትህ የትም አያደርስህም አለ። አስባለሁ አልኩት። በሰዓት የሚከፍሉትን ነገረኝ፣ በሆዴ ሳቅኩ። ማክሰኞ በአራት ሰዓት ውስጥ ያገኘሁትን አስቤ ነው የሳቅኩት። ባለፈው ሐሙስ የከሰርኩትን አላሰብኩም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8። ከጠዋቱ 4፡00

2,760። ሁለት መጥፎ ቀን።

ሩቂያ የመስኮቱን ልክ ጠየቀች። ለመጋረጃ።

ልንገርሽ፣ ይህንን ማንም አያውቅም። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ዲያና የጥግ ክፍል ሰጠችኝ። ዲያና የእኔ ሆስት ናት፤ እንደኔ ላለው ደንበኛ ክፍልና ምግብ የምታመቻች ሠራተኛ። ሁለት ክፍል፣ ሶፋ፣ ከዳር እስከ ዳር መስኮት። ደስ ብሎኝ ለሩቂያ በቪዲዮ ደወልኩ፣ ስልኩን አዞርኩላት። ቤቱ ነው? አለችኝ። አዎ አላልኩም። «ወደድሽው?» ነው ያልኩት። እውነቱን ለመናገር ልዩነት የለውም።

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብላ አየች። ቆንጆ ነው አለች። ከዚያ እናቷ መጡና አሳይ አሉ፣ ለእሳቸው አዎ አልኩ። ለእህቷም። በኋላ ለሒክማ፣ የት ነው የምተኛው ስትለኝ፣ አልጋውን አሳየኋት።

አሁን ደግሞ መጋረጃ። ሜትር የለኝም። ዛሬ የተሰጠኝን የ4ኛ ፎቅ መስኮት በክንዴ ለካሁ፣ አራት ክንድ ከስንዝር፣ እሱን ላኩላት። የሌላ ክፍል መስኮት ነው። የትኛውም መስኮት የእኔ ስላልሆነ ለውጥ የለውም ብዬ ነው። ገዛሁት ብላ ፎቶ ላከች፣ ክሬም ቀለም።  ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14። ከቀኑ 8፡00



ጠረጴዛው ላይ ነበርኩ፣ ቆጠራው + 7 ደርሶ፣ ሁለት መቶ አስይዤ። ከኋላዬ አንድ ሰው ቆመ። ሱፍ የለበሰ፣ ሽበታም፣ ደረቱ ላይ «ኤቢ» የሚል ስም። አዲስ ሱፐርቫይዘር ነው ብዬ ቀና ስል በአማርኛ፣ በጆሮዬ፣ በጣም ቀስ ብለው ከየት ነህ አሉኝ። ከኮምቦልቻ አልኩ። እሳቸው የደሴ ሰው ናቸው፣ ጋሽ አብዱልቃድር። እዚህ አሥራ ሁለት ዓመት።

ሲያልቅ ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ። በቃ፣ ተነቃብኝ አልኩ። እሳቸው ግን ፊታቸው በቁጣ ቀልቷል። «ሰው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዚክር ያደርጋል? በግራ እጁ ደግሞ?»

 ደብተሬ፣ ሁለት መልስ ነበረኝ። ዚክር ነው ብል የአላህ ስም እዚህ ያነሳሁ ከሐዲ እሆናለሁ። ዚክር አይደለም ብል ካርታ መቁጠሬን አመንኩ።  በመጨረሻ ዚክር አይደለም ጋሼ አልኩ። ወላሂ ዚክር አይደለም። ይህን እንኳ ልዋሽበት አልቻልኩም።

ጣቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ። ገባቸው። ቁጣቸው እንደ ልብስ ከላያቸው ወለቀና ሌላ ነገር መጣ፣ እኔ የከፋኝ እሱ ነው፣ እፍረት። የእኔ ብቻ ሳይሆን የሳቸውም። እኔም በዚህ ቤት ደሞዝ ልጆች አሳድጌያለሁ፣ ምን ልበልህ አሉ። ሪፖርት አላደርግህም፣ ግን እኔ ያየሁትን ካሜራው ላይ ያለውም ያየዋል፣ ሂድ ልጄ አሉ። እጃቸውን ልስም ስል ነጠቁኝ፣ እዚህ አይሆንም ብለው።

እንግዲህ መሄድ ነበረብኝ። ከዚያ ሌላ ጠረጴዛ፣ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ። + 610።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20። ከጠዋቱ 5፡00

4,450። አራት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ! ትናንት ማታ ደግሜ ደግሜ ቆጠርኩት።

ካሮልተን ሄድኩ። ባለ አንድ መኝታ፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር የሚደረስ፣ ሁለተኛ ፎቅ። የሊዝ ቢሮዋ ልጅ፣ ቤቱን የምታከራየው፣ ጨዋ ናት። የቀድሞ ቤቴን ውል አፍርሼ ስለወጣሁ ዲፖዚቱ፣ ማስያዣው፣ እጥፍ ነው፣ ከመጀመሪያው ወር ጋር 3,900። ሰይድ ኮሳይን ሊያደርግልኝ፣ ዋስ ሆኖ አብሮኝ ሊፈርም፣ ተስማምቷል። ዛሬ ክፈልና ቁልፉን ውሰድ አለች።

ይህንን ፈርሜ መውጣት ነበረብኝ። አውቃለሁ። አንቺም ታውቂያለሽ።

ግን ከከፈልኩ 550 ይቀረኛል። 550 ይዤ ማዶ ብሄድ አንድ መጥፎ ሰዓት ይበላኛል። ማዶ ካልሄድኩ ኮምፑ ይቋረጣል፣ ገቢ የለም፣ የሚቀጥለው ኪራይ ከየት? አልጋስ? ሒክማ ወለል ላይ ልትተኛ ነው? ገና አሥራ ስምንት ቀን አለኝ። አሥራ ስምንት ቀን ብዙ ነው። በአንድ ሳምንት ስድስት ሺህ አደርስና ቤቱንም አልጋውንም በአንዴ። ልጅቷን እስከ ወሩ መጨረሻ ያዢልኝ አልኳት። እሞክራለሁ፣ ቃል ግን አልገባም አለች።

ሰይድ ምን ሆነ አለ። ወረቀት ጎደለ አልኩት።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22። ከቀኑ 6፡00

ምንም አልተሳሳትኩም። ሁሉንም በትክክል ቆጠርኩ። ቆጠራው + 9 ነበር፣ ሣጥኑ ሊያልቅ፣ የቀረው ሁሉ ትልቅ። ሦስት መቶ። ሃያ አለኝ፣ አከፋፋዩ ሃያ አንድ። አራት መቶ። ሃያ አለኝ፣ እሱ ሃያ አንድ። አምስት መቶ። ጥንድ ስምንት ደረሰኝ፣ ሌላ አምስት መቶ ጨምሬ ለሁለት ከፈልኩት፣ ሁለቱም ተበሉ።

በትክክል ሠርተህ መክሰር ምን እንደሚመስል ለማን ይነገራል?

2,140።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 23። ከቀኑ 10፡30

ዛሬ 880 ላይ ደርሼ ነው ትከሻዬን የነኩኝ። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ትሁት። ሚስተር ከማል፣ ጨዋታህ ለእኛ በጣም ጠንካራ ነው አለኝ። ብላክጃክ ከዛሬ ጀምሮ አትጫወትም። ሌላውን ሁሉ ትችላለህ፣ የዕድል ማሽኖቹንም፣ እንኳን ደህና መጣህ።

ሳቄ መጣ። ወላሂ ሳቅኩ። ለእኛ በጣም ጠንካራ ነህ! ኪሴ ውስጥ የነበረው ያ ነው፣ ካራቆቱኝ በኋላ ነው ጎበዝ ያሉኝ። ትሁቱ ሰውዬ አብሮኝ ፈገግ አለ፣ ለምን እንደምስቅ አልገባውም። ጋሽ አብዱልቃድር ከሩቅ ሌላ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ነበር። ፊታቸውን አዞሩ። እሳቸው እንዳልሆኑ አውቃለሁ።

ዲያና ኮሪደር ድረስ ተከትላኝ መጣች። አትዘን፣ ማሽኖቹ ላይ ተጫወት፣ ክፍሉንም ምግቡንም እጠብቅልሃለሁ አለች። ማሽን አይቆጠርም። ማሽን ዝም ብሎ ይበላል። እሷም ታውቃለች፣ እኔም።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 25። ከቀኑ 6፡20

አዲሰን፣ ምግብ ቤት በር ላይ፣ የሰው ሩዝ ከጎኔ እየቀዘቀዘ።

ሩቂያ ደወለች። ቤቱ ውስጥ ሰው ሞልቷል፣ ጫጫታ፣ ዱዓ። ምንድነው አልኳት። መሸኛችን ነዋ አለች። አሁን? ገና ሁለት ሳምንት ሊሞላ ትንሽ ለቀረው ነገር? ከማሌ፣ ሰኞ ማታ እኮ ነው የምንበረው፣ ማክሰኞ እንገባለን አለች።

ጥቅምት 28 ብለሽኝ አልነበር አልኩ።

አዎ፣ ጥቅምት 28፣ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው እሱ ነው አለች።

እ.ኤ.አ። ያችን አንዲት ነገር ሳልጠይቅ። ቲኬት የቆረጠው ኦክቶበርን ጥቅምት ብሎ አነበበላት፣ እሷም እንዳለ ነገረችኝ፣ እኔ ደግሞ አዋቂው በኢትዮጵያ ነው ብዬ አሥር ቀን ጨመርኩበት። እሷ በፈረንጅ ስትቆጥር እኔ በሐበሻ። ሰባት ዓመት አሜሪካ የኖርኩት እኔ ነኝ። ሦስት መቶ ካርታ ያለ ስህተት የምከታተል ሰው የሚስቴን መምጫ ቀን መቁጠር አቃተኝ።

ሰኞ ዕለት፣ 4,450 በእጄ ይዤ፣ የሊዝ ቢሮው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ስምንት ቀን ብቻ እንደቀረኝ ባውቅ ኖሮ እፈርም ነበር። እፈርም ነበር፣ አይደል? እፈርም ነበር እላለሁ።

ቢሮውን ደወልኩ። ቤቱ ትናንት ተከራይቷል።

እሑድ፣ ኦክቶበር 26። ከቀኑ 11፡00

ጠዋት ዲያና መልእክት ላከች። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ የጥግ ክፍሉ ባዶ ነው። ያው ክፍል። ሶፋው፣ መስኮቱ። ዛሬ መጥተህ ትንሽ ከተጫወትክ ያንተ ነው።

አልሄድም አልኩ። ከዚያ ነዳሁ። መንገዱን ሁሉ እያቀድኩ ነበር። ከኤርፖርት በቀጥታ አመጣቸዋለሁ፣ በጎን በር፣ ሒክማ አልጋዋን ታገኘዋለች። ሦስት ቀን። ሐሙስ የሆነ ነገር እላለሁ። ቧንቧ ፈነዳ እላለሁ። ማሽን ፊት ተቀመጥኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ተጫንኩ። አርባ ደቂቃ፣ 400 ዶላር። ዲያና የክፍሉን ቁልፍ በፖስታ አድርጋ ሰጠችኝ፣ ልጄ ልትመጣ ነው ስላት ለሕፃኗ ብላ አሻንጉሊት ጨመረችበት። ደግ ሰው ናት እኮ፣ የሚገርመው እሱ ነው።

ስመለስ ሪቻርድሰን ሰይድ ቤት ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። በር ከፈተ፣ ፊቴን አየ፣ ማነው የሞተው አለ። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ ጠረጴዛውን፣ ክፍሉን፣ መኪና ውስጥ ማደሬን። አልተሳደበም።  ከዚያ ሁለት ወር ሙሉ ሶፋ እያለኝ መኪና ውስጥ ታድራለህ ብሎ ጮኸብኝ። ያበሳጨው እሱ ነው። ሳሎኑን ለእናንተ እለቃለሁ፣ ሐሙስ ከእኔ ጋር ሻትሉ ቢሮ ትሄዳለህ አለ። ለሩቂያ ግን አንተው ትነግራታለህ፣ በእኔ ቤት ውሸት አያድርም አለ።

ፖስታውን አላሳየሁትም። ኪሴ ውስጥ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 27። ከቀኑ 7፡15

ከቦሌ ደወለች፣ ሊሳፈሩ ሲሉ። እዚያ መሽቷል። ሒክማ እያንቀላፋች ነው አለች።

ሩቂያ የምነግርሽ ነገር አለኝ አልኩ። ድምፄን ሰማች። እኔ ልንገርህ፣ አትጨነቅ አለች። ያኔ በቪዲዮ ያሳየኸኝ ቤት አይደለም፣ ያኔውኑ አውቄያለሁ አለች። ከመጋባታችን በፊት ጅዳ ሦስት ዓመት ሆቴል ስታፀዳ ኖራለች። በሩ ላይ ከውስጥ የተለጠፈውን የእሳት መውጫ ሥዕል አይታለች። አልጋው ጫፍ ላይ የሚጣለውን ጨርቅ አይታለች፣ ያንን ጨርቅ ስንት ሺህ ጊዜ አጥፌዋለሁ አለች።

 ቀጠለች። የምታፀዳው ክፍል ነው አይደል? ሥራ ያሳፍራል እንዴ ከማሌ? እኔ ምን ስሠራ የነበርኩ መስሎህ ነው? ቤት ከሌለን አንድ ክፍል ይበቃናል፣ ሁለታችንም እንሠራለን። አብሽር አለችኝ። እናቴ ደስ እንዲላት ነው መጋረጃውን የገዛሁት አለች።

እኔ ያልኩት አንድ ቃል ነው። አዎ አልኩ።

ያለችኝን ሁሉ አዎ አልኩ። ከዚያ ስማቸው ተጠራ፣ ስልኩ ተቋረጠ። መኪናዬ ውስጥ ነኝ አሁን። መሪውን ይዤ ተቀምጫለሁ። ይቅር ብላኛለች፣ ባላደረግኩት ነገር።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28። ከቀኑ 9፡10

ኤርፖርት። የሻንጣ መቀበያው ፊት ያለ ወንበር ላይ። ከዋሽንግተን የሚመጣው በረራ ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል።

ጠዋት ዲያናን ደወልኩላት፣ ክፍሉን ሰርዢው አልኳት። ለሌላ ቀን ላዘዋውርልህ? አይ። ለኖቬምበር? አይ። የአባልነቱንም ካርድ ሰርዢው አልኳት። መልካም ዕድል አለችኝ። ሰይድ ሳሎን ፍራሹ ተነጥፏል፣ የጥንቸሏ ብርድ ልብስ ላዩ ላይ ነው። ኪሴ ውስጥ 455 ዶላር።

ሩቂያ ትናንት ከሰጠችኝ ውሸት የተሻለ ውሸት የለም። እስካሁን በነፃ ካገኘሁት ሁሉ ይበልጣል። ሆቴል አፀዳ ነበር፣ አባረሩኝ፣ አሁን ሹፌር ልሆን ነው። ታከብረኛለች። ሰይድም ምን እንደነገርኳት አይሰማም። ሌሊቱን ሙሉ ስገለብጠው ነበር፣ የትም አይላላም፣ ጠንካራ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለው። የሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመጣ፣ ሥራ ውዬ ደክሞኝ፣ ሌላ ካዚኖ እንዳለ ሲታወሰኝ፣ ወንዙ ማዶ አንድ ብቻ አይደለም ያለው፣ የሚጠብቀኝ ሰው አይኖርም። የሆቴል አፅጂ ባልን ማን ይጠብቃል?

አንቺን ከመጀመሪያው ገጽ አነበብኩሽ። ሥራ ብያለሁ፣ ማዶ ብያለሁ፣ ጠረጴዛ፣ ጨዋታ፣ ኮምፕ። ዋናውን ቃል አንድም ቦታ አልጻፍኩትም። በእንግሊዝኛ ከሆነ አፍ ላይ አይከብድም። በአባቴ ቤት ግን ለሰው የሚሰጥ የመጨረሻ ስም ነው፣ እሱን የተባለ ሰው ልጅ አይዳርለትም።

ቁማር። ይኸው። ቁማርተኛ ነኝ።

ወስኛለሁ። መኪና ውስጥ ሳይገቡ። ሰላምታ፣ ሒክማን ማቀፍ፣ ከዚያ ወዲያው። ሩቂያ፣ ክፍሉን አላፀዳም ነበር፣ ቁማር ስጫወት ነው የተሰጠኝ። ይህን ብቻ። ምክንያት አልጨምርበትም፣ ቀኑን ስለመሳሳቴ አልናገርም፣ ስለ ቆጠራው ጉብዝናዬም። ጥላኝ ወደ ሰይድ ቤት ብትሄድ እኔ ሻንጣውን አደርሳለሁ። እዚህ ወንበር ላይ አጠገቤ አማርኛ የሚሰማ የለም፣ ሦስት ጊዜ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት። 

አርፏል ይላል ቦርዱ። ሰዉ መውጣት ጀመረ።

ሩቂያ ናት። ጋሪ እየገፋች፣ ግራጫ ሻርፕ አድርጋ፣ ከስታለች። ሒክማ ሻንጣዎቹ ላይ ተቀምጣለች። ትልቅ ልጅ ሆናለች። የወንዶቹን ፊት አንድ በአንድ እያየች ነው። እኔን አየችኝ፣ አለፈችኝ፣ ከጎኔ ያለውን ሰውዬ ማየት ጀመረች። ልነሳ።